አንድ ሰዓት ተኩል ለሁለት

ታይቶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 «በብል ቦብል» የተባለ ጌም አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳንቲም ሲጎርስ በሚሠራ፣ ቁም ሣጥን በሚያክል ማሽን ላይ ሁለት ትንንሽ ድራጎኖች፣ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ሰማያዊ፣ አረፋ እየተፉ ጠላቶቻቸውን አረፋው ውስጥ ይዘጉባቸዋል፤ ከዚያ አረፋውን እያፈነዱ ያጠፏቸዋል። ጌሙ 100 ዙር አለው። ብቻውን ተጣጥሮ መቶኛውን ያለፈ ተጫዋች ግን ድሉን አያጣጥምም። ስክሪኑ እውነተኛው መጨረሻ ይህ እንዳልሆነ ይነግረውና ጓደኛ ይዞ እንዲመለስ ይመክረዋል።

የጌሙ ፈጣሪ ፉኪዮ ሚትሱጂ የወንዶች መዋያ በነበሩት የጌም ቤቶች ጥንዶች ተያይዘው እንዲገቡ ፈልጎ ነበር። በዚያ ዘመን ምክሩን መፈጸም ከባድ አልነበረም፤ ጓደኛው አጠገብ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የአዲስ አበባን ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ አንባቢም ሁኔታው አይጠፋውም። አግዳሚ ላይ ተደርድረው «ቀጣይ እኔ ነኝ» የሚሉ ልጆች፣ ጎል በገባ ቁጥር የሚጮኸው ተመልካች፣ ተሸንፎ ጆይስቲኩን አልለቅም የሚለው ጎረምሳ። እዚያ ቤት ሰውም ጊዜም ሞልቷል። የሚያጥረው ለቀጣዩ ጨዋታ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ልጆቹ ሲያድጉ ሒሳቡ ይገለበጣል። አንዱ አዲስ አበባ ቀርቶ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ ይመሻል፤ ሌላው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ሕፃን ልጅ ያስተኛል። ለጌም የሚሆን ገንዘብ እንደምንም ይገኛል፤ የማይገኘው የጋራ ሰዓት ነው። የሜሪላንዱ በሐምሌ ወር ከሥራ ሲመለስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል። የሥራ ቀን ስለዚህ ከወዲሁ ይሰረዛል። የሚቀረው ቅዳሜ ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲል ሜሪላንድ በሐምሌ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በጥር ደግሞ 7 ሰዓት ይላል፤ ሕፃኑ ቀን የሚተኛ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይገኛል።

ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ብዙውን ጊዜ የምታልቀው «ምን እንጫወት?» በሚለው ጥያቄ ነው። ስቲም በሚባለው ትልቁ የኮምፒዩተር ጌም መደብር ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞች አሉ፤ በኦንላይን በጋራ ይጫወቱባቸዋል የተባሉት ብቻ ተለይተው ቢወጡ እንኳ ዝርዝሩ በሺዎች ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ዝርዝሩን ሲያገላብጡ፣ የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ሲላላኩ፣ የአንዱ ላፕቶፕ አይችለውም ሲባባሉ ሕፃኑ ይነቃል። ወይም ደግሞ ሁሉም ሰው «ምርጥ ነው» ያለውን ጌም ይገዛሉ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚጀምረው፤ ምክንያቱም ምርጥ የተባለው ጌም የተሠራው ጊዜ ለተረፈው ሰው ሊሆን ይችላል።

ባልደርስ ጌት 3ን እንውሰድ። ላሪያን የተባለው የቤልጂግ ስቱዲዮ በ2023 ያወጣው ይህ ጌም የዚያን ዓመት ታላላቅ ሽልማቶች ጠራርጎ ወስዷል፤ እስከ አራት ሰው በኦንላይን አብሮ ይጫወተዋል፤ ጽሑፉም ትወናውም የሚደነቅ ነው። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ግን ከ60 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ላለው ጥንድ ይህ 40 ቅዳሜ ነው፤ አንድም ቅዳሜ ሳይዘለል፣ ልጅ ሳይታመም፣ ሠርግ ሳይጠሩ። በሃያኛው ሳምንት ላይ ከሁለቱ አንዱ ያ በር ለምን እንደተከፈተ፣ ያቺ ሴት ወዳጅ ትሁን ጠላት አያስታውስም። እንዲህ ያለውን ሒሳብ አስቀድሞ ለመሥራት ሃው ሎንግ ቱ ቢት የሚባል ድረ ገጽ አለ። ተጫዋቾች ራሳቸው የፈጀባቸውን ሰዓት እየመዘገቡ፣ ዋናውን ታሪክ ብቻ የተከተለ ሰውና ጥጋጥጉን ሁሉ የፈተሸ ሰው ስንት ሰዓት እንደወሰደባቸው ለየብቻ ያሳያል። ቁጥሩን ባላቸው የሳምንት ሰዓት ማካፈል ብቻ ነው።

ከርዝመቱ ይልቅ ግን መቁረጫው ይበልጣል። አንድ ጌም 14 ሰዓት ቢፈጅ ችግር የለውም፤ ችግሩ መሃል ላይ አቁሞ ለመነሳት የሚያስችል ቦታ ከሌለው ነው። ተራ የእግር ኳስ ጨዋታ ሰው የማይሰለቸው አንዱ ምክንያት 90 ደቂቃው ስለሚታወቅ ነው፤ ሚስትም «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ አለ። ጌም ግን ብዙ ጊዜ «አሁን፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨርስ» እያሰኘ ይጎትታል፤ ለመጎተትም ታስቦ የተሠራ ነው።

በዚህ መለኪያ ከተሄደ አንድ ስቱዲዮ ከሁሉም ጎልቶ ይወጣል። ሄዝላይት ይባላል፤ መቀመጫው ስቶክሆልም ነው። መሥራቹ ጆሴፍ ፋሬስ ቤይሩት የተወለደ፣ በልጅነቱ ከሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ስዊድን የገባ ሰው ነው። ጌም ከመሥራቱ በፊት የታወቀ የፊልም ዳይሬክተር ነበር፤ በ2000 የወጣው «ጃላ! ጃላ!» የተባለው ኮሜዲው ስዊድን ውስጥ ስሙን አስጠርቶለታል። አፉ ቁጥብ አይደለም። በ2017 በታወቀ የጌም ሽልማት መድረክ ላይ ቆሞ፣ ካሜራው እየቀረጸው፣ ኦስካርን በስድብ ያብጠለጠለው ይኸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ተናጋሪ ሰው በሙያው አንድ ግትር አቋም ይዟል፦ ሄዝላይት የሚሠራቸው ጌሞች ለሁለት ሰው ናቸው፤ ለአንድም ለሦስትም አይሆኑም። ብቻውን ሊጫወት የሚሞክር ሰው ገና ከበሩ ይመለሳል።

የመጀመሪያው በ2018 የወጣው «ኤ ዌይ አውት» ነው፤ ሁለት እስረኞች ተባብረው ከእስር ቤት ያመልጣሉ። ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለሁለቱ ጓደኛሞቻችን አራት ቅዳሜ ይበቃል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የሌላውን እያየ ይጫወታል፤ አንዱ ዘበኛውን በወሬ ሲይዝ ሌላው መሣሪያ ይሰርቃል። በ2021 የተከተለው «ኢት ቴክስ ቱ» ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል፤ እስከ 2024 ድረስም ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ታሪኩ ስለ ፍቺ ነው። ኮዲና ሜይ የተባሉ ባልና ሚስት ሊለያዩ መሆኑን ለልጃቸው ሲነግሯት የልጅቱ እንባ ወደ ሁለት ትንንሽ አሻንጉሊቶች ይቀይራቸዋል፤ ወደ ሰውነታቸው ለመመለስ በራሳቸው ቤት ዕቃ ቤት፣ ግቢና ዛፍ ውስጥ ተባብረው ማለፍ አለባቸው።

ብልሃቱ ያለው ለእያንዳንዳቸው በሚሰጠው መሣሪያ ላይ ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ እሱ ሚስማር ይወረውራል፣ እሷ መዶሻ ትይዛለች፤ የተሰካው ሚስማር ላይ መዶሻዋን አንጠልጥላ ትወዛወዛለች፣ ሚስማር ካልተሰካ ግን ገደሉን አታልፍም። ዛፉ ውስጥ ሲገቡ ያ ሁሉ ይቀርና እሱ የሚቀጣጠል ሙጫ ይረጫል፣ እሷ ክብሪት ትተኩሳለች። ግድግዳ ሰዓቱ ውስጥ ደግሞ እሱ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እሷ ራሷን ታባዛለች። አንዱ መሣሪያ እጅ ላይ ሳይሰለች ሌላ ይመጣል። በየመንገዱ የተበተኑ 25 ያህል ትንንሽ የውድድር ጨዋታዎችም አሉ፤ ተባብረው የደከሙት ሁለቱ ጓደኛሞች እዚያ ላይ ያኮረፉትን ሁሉ ይወጣሉ። ምዕራፍ ምዕራፍ ስለሆነ፣ በመሃልም በየጥቂት ደቂቃው ስለሚመዘግብ፣ ሕፃኑ ሲነቃ የሚጠፋ ነገር የለም። አጠቃላይ ርዝመቱ 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥር ቅዳሜ ማለት ነው። በመጋቢት 2025 የወጣው «ስፕሊት ፊክሽን»ም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ሲሆን ሚዮና ዞዊ የተባሉት ሁለቱ ባለታሪኮቹ ስማቸውን የወረሱት ከፋሬስ ሴት ልጆች ነው።

ሄዝላይትን ለዚህ ምዕራፍ ንጉሥ የሚያደርገው ግን የንግድ ውሳኔው ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከገዛ ይበቃል። ሌላው የጓደኛ ማለፊያ የሚባለውን ቅጂ ያለ ክፍያ አውርዶ በገዛው ጓደኛው ግብዣ ይገባል፤ ጌሙንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወተዋል። ስቲም በብር እንደማይሸጥ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሜሪላንድ ያለው ይገዛል፤ አዲስ አበባ ያለው ያወርዳል።

ማውረዱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። «ኢት ቴክስ ቱ» ኮምፒዩተሩ ላይ 50 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ «ስፕሊት ፊክሽን» 85፣ ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ 150። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ላይ 50 ጊጋባይት አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መስመሩ ካልተቆራረጠና መብራት ካልጠፋ። 85ቱ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል። በዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ወጪውም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ለመጫወት ያሰበ ሰው ማውረድ የሚጀምረው ሐሙስ ሌሊት ነው።

መጠኑ ካስፈራ የቆየና ቀለል ያለ አለ። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2011 ያወጣው «ፖርታል 2» 8 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፤ እርጅናው ምንም አላጎደለበትም። ብቻ የሚጫወቱት ታሪክ አለው፤ ከዚያ ተለይቶ ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ሌላ ታሪክ። አጭሩ ሮቦት አትላስ፣ ረጅሙ ፒ-ቦዲ ይባላሉ። ሁለቱም ግድግዳ ላይ ቀዳዳ የሚከፍት መሣሪያ አላቸው፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባ በሌላው ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ስላለው በድምሩ አራት ይሆናል፤ ጭንቅላት የሚያዞረውም ይኼ ነው። እንቆቅልሾቹ በየክፍሉ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ክፍል ሲፈታ በሩ ይከፈታል፣ ሊፍቱ ይመጣል፣ እዚያ ላይ አቁሞ መሄድ ይቻላል። በላያቸው ሆና የምታዛቸው ግላዶስ የተባለችው ማሽን ደግሞ ሥራዋ ነገር ማቆላለፍ ነው። አንዱን ታሞግሳለች፣ ሌላውን ትሰድባለች፣ ያልተጠየቀ ነጥብ ትሰጣለች፣ ትነጥቃለች። የቫልቭ ሰዎች ሁለቱ ተጫዋቾች በስልክ ባይገናኙም እንዲግባቡ አስበዋል፤ አንዱ «እዚህ ጋ» ብሎ ግድግዳው ላይ ምልክት ያስቀምጣል፣ እኩል መዝለል ሲያስፈልግም ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚል መቁጠሪያ ሁለቱም ስክሪን ላይ ይታያል።

መነጋገር ራሱ ጨዋታው የሆነባቸው ጌሞችም አሉ፤ ጊዜ ላጠራቸው ጓደኛሞች እነዚህ ሁለት ነገር በአንድ ድንጋይ የሚመቱ ናቸው። ሰዎቹ የናፈቃቸው እኮ ወሬው ነው። ሦስት ሰዎች ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ የሠሩት «ኪፕ ቶኪንግ ኤንድ ኖባዲ ኤክስፕሎድስ» በ2015 ሲወጣ ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፦ አንዱ ቦምብ ይታየዋል፣ ማክሸፊያውን አያውቅም፤ ሌላው ማክሸፊያ መጽሐፍ ይዟል፣ ቦምቡ አይታየውም። መጽሐፉ 23 ገጽ ሲሆን በነፃ ይወርዳል፤ ማተምም ይቻላል። ስለዚህ ጌሙ የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ስልክ ይዞ ወረቀቱን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ቴሌግራም ጥሪ ከሠራ ጨዋታው ይሠራል። የኔትወርኩ ፍጥነት፣ የላፕቶፑ እርጅና ምንም አያመጣም።

የመጀመሪያው ቦምብ 5 ደቂቃ ይሰጣል። ሽቦዎች አሉ፤ የትኛው እንደሚቆረጥ የሚወሰነው በቀለማቸው፣ በብዛታቸውና ቦምቡ ላይ በተጻፈው ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ነው። በኋላ በሚመጡት ቦምቦች ላይ በሞርስ ኮድ የሚበራና የሚጠፋ መብራት አለ። ከሁሉም የሚያስቀው ግን ስም የሌላቸው ምልክቶች የተጻፉባቸው ቁልፎች ናቸው። አንዱ «ጭራ ያለው ጥያቄ ምልክት» ይላል፤ ሌላው «የተገለበጠ ነው ወይስ የተኛ?» ይላል፤ ሰዓቱ ይሮጣል። ፊደል ለቆጠረ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የማይናቅ ብልጫ አለው። «ጰ የሚመስል፣ ግን እግሩ የታጠፈ» ማለት የሚችል ሰው ከ26ቱ የላቲን ፊደላት ጋር ብቻ ካደገው ይልቅ የመልክ መዝገቡ ሰፊ ነው። በሌላ በኩል በድምፅ የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን እያምታታ የሚጠይቅ ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ እንግሊዝኛ ያልለመደ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ያም ሆኖ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አሥር ቦምብ ማፈንዳት፣ ሦስት ማክሸፍና ሆድ እስኪያም መሳቅ ይቻላል።

ከሮተርዳም፣ ሆላንድ የወጣው «ዊ ወር ሂር» ዝምታ የበዛበት ዘመዱ ነው። በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ይወርዳል። በበረዶ በተከበበ ግንብ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይለያያሉ። አንዱ በየክፍሉ እየዞረ ይፈልጋል፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተዘግቶ ወረቀት ያገላብጣል። መገናኛቸው የእጅ ሬዲዮ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው መስማት እንጂ መመለስ አይችልም። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ቅዳሜ ሞክረው ያልወደዱት ምንም አልከሰሩም፤ የወደዱት ደግሞ ተከታዮቹን ክፍሎች ገዝተው ይቀጥላሉ።

ስለ ኔትወርክ ሲነሳ ተጫዋቾች በአብዛኛው የሚያማርሩት ፍጥነትን ነው፤ ጨዋታ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ርቀት ነው። የኢንተርኔቱን መልእክት የሚሸከመው ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ አንድ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ፣ ምንም ነገር ባይዘው እንኳ፣ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የትኛውም ቴሌ፣ የትኛውም ጥቅል ይህን አያሳጥረውም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። በተግባር ደግሞ መስመሩ ቀጥታ አይደለም። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ምልክቱ መጀመሪያ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲን ከመሳሰለ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ከዚያ በባሕር ውስጥ ገመድ አህጉር ያቋርጣል፣ በየመሃሉም ማሽኖች ይቀባበሉታል። ተጫዋቾች ፒንግ የሚሉት ቁጥር ስለዚህ ከ115 በእጅጉ ይበልጣል። እግር ኳስ ወይም ተኩስ ተጋጥሞ ለሚጫወት ሰው ይህ ሽንፈት ማለት ነው። ተባብረው በር ለሚከፍቱ፣ ቦምብ ለሚያከሽፉ፣ ማሳ ለሚያርሱ ሁለት ሰዎች ግን ሩብ ሰከንድ መዘግየት እምብዛም አይታወቅም። ርቀው ላሉ ጓደኛሞች ከመፎካከር መተባበር የሚሻለው በፍቅር ብቻ ሳይሆን በፊዚክስም ነው።

መደብሩ ላይ የሚለጠፉት ስያሜዎች ደግሞ ያሳስታሉ። «በጋራ» የተባለ ሁሉ በኦንላይን አይደለም። በ2017 የወጣው ከፕሄድ ለሁለት ሰው የሚሆን ድንቅ ጌም ነው፤ ግን ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ካልተቀመጡ አይሆንም። የኩሽና ግርግሩ ኦቨርኩክድም በ2016 ሲወጣ እንዲሁ ነበር፤ ኦንላይኑ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለተኛው ክፍል ነው። ለእነዚህ ስቲም በ2019 መላ አበጅቷል፤ የአንዱን ስክሪን እንደ ቪዲዮ ለሌላው እያስተላለፈ ጆይስቲኩን ከሩቅ እንዲነካ ያደርጋል። ቪዲዮ የሚልከው ባለቤቱ ስለሆነ ጠንካራ መስመር የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ በእኛ ምሳሌ የሜሪላንዱ። ስያሜውን አስቀድሞ ለማጣራት ኮ-ኦፕቲመስ የተባለው ድረ ገጽ እያንዳንዱ ጌም በአንድ ሶፋ ላይ ስንት ሰው፣ በኦንላይን ስንት ሰው እንደሚያጫውት ለይቶ ይጽፋል።

ሁለት የሚባል ቁጥር ራሱ የሚረሳበት ጊዜም አለ። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ በግንቦት 2025 «ኤልደን ሪንግ ናይትሬን»ን ሲያወጣ ጌሙ ወይ ለአንድ ወይ ለሦስት ሰው ነበር። ሁለት ጓደኛሞች ከፈለጉ ሦስተኛውን ከማያውቁት ሰው መቀበል ነበረባቸው። ዳይሬክተሩ ጁንያ ኢሺዛኪ ነገሩ ሳይታሰብበት መታለፉን አምነዋል፤ የሁለት ሰው ጨዋታ የተጨመረው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የዓለም ጓደኛሞች ባዕድ ሰው እያስገቡ ተጫወቱ።

ጓደኝነት የሚፈተነው ግን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ባለው ሳምንት ነው። አንዱ ጓደኛ ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው «ትንሽ ብቻዬን ልጫወት» ይላል። ቅዳሜ ሲገናኙ እሱ ጋሻና ሰይፍ ይዞ ባለ ቤት ሆኗል፤ ሌላው ገና እንጨት ይለቅማል። የቫይኪንጎቹ ቫልሃይም፣ በ2021 አምስት ሰዎች የሠሩት፣ ሲወጣ 1 ጊጋባይት ብቻ ይፈልግ የነበረው ያ ውብ ጌም፣ ብዙ ጥንዶችን የሚያስኮርፈው በዚህ ነው። ዓለሙ ያለው በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ባለዓለሙ ሲፈልግ ይገባል፣ እንግዳው ግን ባለቤቱ ካልከፈተለት ደጅ ላይ ይቆያል። የሄዝላይት ግትርነት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ማክሰኞ ማታ ብቻውን የሚጫወተው ነገር የለም። በየቀኑ ላልገባ ሰው ስጦታ የሚከለክሉ፣ በየወቅቱ የሚያልቅ ሽልማት የሚያንጠለጥሉ ጌሞችንማ ሥራ ያለው ሰው ባይጀምራቸው ይሻለዋል። ሁለተኛ ሥራ ናቸው፤ ያውም ደመወዙ የማይከፈል።

በመካከል ያለው የኮፐንሃገኑ «ዲፕ ሮክ ጋላክቲክ» ነው። ድንክ ማዕድን ቆፋሪዎች በሩቅ ፕላኔት ዋሻ ውስጥ ከግዙፍ ነፍሳት ጋር እየተታኮሱ ወርቅ ያወጣሉ። ሥራ ከመምረጣቸው በፊት እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል ረጅምና ምን ያህል የተወሳሰበ እንደሆነ በምልክት ተጽፎ ያዩታል፤ አጭሩን መርጦ በግማሽ ሰዓት መውጣት ይቻላል። የጠላቱ ብዛት በሰው ቁጥር ልክ ስለሚስተካከል ሁለት መሆን አያስቀጣም፤ ብዙ የተጫወተው ካልተጫወተው ጋር ሲገባም ጨዋታው አይፈርስም።

ጭራሽ የጋራ ሰዓት ለሌላቸውስ? ለነሱ ተራ በተራ የሚኬድ ጨዋታ አለ። ቦርድ ጌም አሬና የሚባለው ከፈረንሳይ የመጣ ድረ ገጽ የገበታና የካርታ ጨዋታዎችን በብራውዘር ያጫውታል፤ ምንም የሚወርድ ነገር የለም። ሁለት ሰዎች በቀን አንድ ሁለት ተራ እየተጫወቱ አንድ ጨዋታ ለሳምንታት ማቆየት ይችላሉ። ለመተባበር የሚሻለው ሃናቢ ነው፤ አንቷን ባውዛ የተባለ ፈረንሳዊ የፈጠረውና በ2013 የጀርመንን ታላቅ የገበታ ጨዋታ ሽልማት ያገኘው። ካርታው 50 ነው፣ አምስት ቀለም አለው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታውን ጀርባውን ለራሱ ፊቱን ለጓደኛው አድርጎ ይይዛል። የራሱን አያይም፤ የጓደኛውን ያያል። ፍንጭ የሚሰጥባቸው ምልክቶች ስምንት ብቻ ናቸው፣ ሲያልቁ ካርታ እየጣሉ ማስመለስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጠዋት ታክሲ ውስጥ አንድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሜሪላንድ ያለው ሲነቃ ያገኘዋል፣ ቡናውን እየጠጣ «ይህን ለምን ነገረኝ?» እያለ ያወጣ ያወርዳል።

ለመሳሳትም ቦታ አለ። ስቲም የተገዛ ጌም 14 ቀን ሳይሞላው፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱት፣ ገንዘቡን ይመልሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ይህ ደንብ በልክ የተሰፋ ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ይሞክሩታል፤ ካልጣማቸው እዚያው ማታ ይመልሱታል።

አንድ ጌም ቀርቷል። ኤሪክ ባሮን የተባለ የሲያትል ወጣት፣ ማታ ማታ በቲያትር ቤት እንግዳ እያስተናገደ፣ ከአራት ዓመት በላይ ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ጽሑፉንም ብቻውን ሠርቶ በ2016 «ስታርዲው ቫሊ»ን አወጣ። በ2018 በጋራ መጫወት ተጨመረበት። 500 ሜጋባይት ነው፤ በዚያው በሰከንድ 10 ሜጋቢት መስመር ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ይወርዳል። ሁለቱ ጓደኛሞች የወረሱትን እርሻ ያርማሉ፣ ዶሮ ያረባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይወያያሉ። የጌሙ አንድ ቀን፣ ከጠዋት 12 ሰዓት እስከ ሌሊት 8፣ በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ስለዚህ ስድስት ቀን ይይዛል፣ ጥቂት ደቂቃም ለሰላምታ ትተርፋለች።

ጌሙ የሚመዘገበው ቀኑ ሲያልቅ ነው፣ ቀኑ የሚያልቀው ደግሞ ሁለቱም አልጋቸው ላይ ሲወጡ። የሜሪላንዱ ሕፃን ማልቀስ ጀምሯል። አባትየው ገበሬውን ሮጥ አድርጎ ቤት አስገብቶ አልጋው ላይ ያስተኛዋል፤ ስክሪኑ ሌላውን ተጫዋች እየጠበቀ መሆኑን፣ ከሁለት አንዱ ብቻ ዝግጁ እንደሆነ ይጽፍለታል። በስልኩ «የት ነህ አንተ?» ይላል። ጓደኛው ወንዙ ዳር መንጠቆ ይዞ ቆሟል፤ በጌሙ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ከ40 ሆኗል፣ 8 ሰዓት ከሞላ ያለበት ቦታ ተዝለፍልፎ ይወድቃል፣ ከኪሱም ገንዘብ ይቀነስበታል። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ አንዷን ብቻ ላውጣ» ይላል።